ከቡሬ ግመሎች እስከ ጭነት ሄሊኮፕተር

ሸክም ምን እንደ ሆነ ለገበሬ አይነገረውም። ቡሬ ገበያ በአህያ እህል ያወጣ ያውቀዋል። የታመመ ዘመዱን በቃሬዛ ተሸክሞ ፍኖተ ሰላም የደረሰ ያውቀዋል። ዳገቱ ያደክማል፤ ወንዙ ያግዳል፤ ክረምቱ መንገድ ይዘጋል። ጦር ሠራዊትም የሚቸገረው በዚሁ ነው። ጥይትና ስንቅ ቢኖር እንኳ በጊዜው ካልደረሰ ዋጋ የለውም።

ዛሬ የምናነበው ይህን ችግር ለማቃለል ስለ ተሠራ መሣሪያ ነው። ስሙ ሄሊኮፕተር ይባላል። በሰማይ ሲያልፍ ድምፁን ያልሰማ ጥቂት ነው። ከየት እንደ መጣ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። የታሪኩ አንድ ጫፍ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ነው ብንል ታምኑናላችሁ? እስቲ አንብቡና ፍረዱ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠራው ዓመተ ምሕረት ሁሉ የኢትዮጵያ ነው።

በግመል የተደረገ ዘመቻ

ጊዜው 1933 ነው። ጣሊያን አገራችንን ከያዘ አምስተኛ ዓመቱ ደርሷል። በጥር ወር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ገቡ። አብሮአቸው የኢትዮጵያና የሱዳን ወታደሮች ያሉበት አነስተኛ ጦር ነበረ። የጦሩ መሪ ዊንጌት የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነው። በጎጃም አርበኞች ቀድሞውንም ጫካ ገብተው ጠላትን ያስጨንቁ ነበር።

ጦሩ ስንቁንና ጥይቱን በምን ያጓጉዝ? የመኪና መንገድ የለም። ስለዚህ ከ15000 የሚበልጡ ግመሎች ተሰበሰቡ። ግመል የበረሃ እንስሳ ነው። አሸዋ ላይ ይበረታል እንጂ ድንጋያማ ዳገት አይሆንለትም። የደጋው ብርድ አይስማማውም። ከቆላው ተነሥተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጡ ግመሎቹ በየመንገዱ ወደቁ። ዘመቻው ሲያልቅ አብዛኞቹ አልቀው ነበር።

ቢሆንም ጦሩና አርበኛው አልተመለሱም። በየካቲት መጨረሻ ጣሊያን የቡሬን ምሽግ ለቅቆ ሸሸ። ከዚያ ማንኩሳና ደምበጫ ተከተሉ፤ ቀጥሎም ደብረ ማርቆስ ነጻ ወጣ። ጎጃም የድሉን ዋጋ በሰውም በእንስሳም ከፈለ።

በዚያ ዘመቻ ቁስለኛውም የሚሄደው በግመል፣ በበቅሎ ወይም በሰው ትከሻ ነበረ። ሐኪም ያለበት ቦታ ሳይደርስ የሞተው ስንት ይሆን?

የመጀመሪያው የጦር ሜዳ ሄሊኮፕተር

ያው ዊንጌት ከኢትዮጵያ ወጥቶ በእስያ ወደምትገኘው ወደ በርማ ዘመተ። በዚያም ጃፓኖችን ከጀርባ የሚወጋ ጦር አቋቋመ። በጫካው ውስጥ መንገድ የለም። ዊንጌት ግን የግመሉን ነገር ያየ ሰው ነው፤ በዚህ ጊዜ ስንቁን በአይሮፕላን አስጣለ። በመጋቢት 1936 ራሱ ዊንጌት በአይሮፕላን አደጋ ሞተ።

ከአንድ ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 1936፣ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ከጠላት ወረዳ ውስጥ ወደቀች። ውስጧ አብራሪውና 3 የእንግሊዝ ቁስለኞች ነበሩ። አይሮፕላን ሊያርፍበት የሚችል ሜዳ በአጠገባቸው አልነበረም። ያኔ አንድ አሜሪካዊ አብራሪ አር 4 የምትባል ሄሊኮፕተር ይዞ መጣ። ሄሊኮፕተሯ ደካማ ነበረች፤ ከአብራሪው ሌላ የምትይዘው 1 ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ 4 ጊዜ ተመላልሶ 4ቱንም አወጣቸው። በጦር ሜዳ ሰው ለማዳን ሄሊኮፕተር ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነበረ።

እንግዲህ ያየነው ይህን ነው፦ ቡሬ ላይ በግመል የዘመተው መኮንን፣ ከ3 ዓመት በኋላ ያቋቋመው ጦር ቁስለኛ በሄሊኮፕተር ተነሣ።

እንዴት ይበርራል?

ተራ አይሮፕላን ክንፉ አይንቀሳቀስም። ለመነሣት መሮጥ አለበት። ለመሮጥ ደግሞ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ሄሊኮፕተር ግን ክንፉ ራሱ ከላዩ ላይ ይሽከረከራል። ክንፉ አየሩን ወደ ታች ሲገፋው ሰውነቱ ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ካለበት ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ባየር ላይ ቆሞም መቆየት ይችላል። አንድ አውድማ የሚያህል ደልዳላ ቦታ ካገኘ ያርፋል።

በጅራቱ ላይ ያለችው ትንሿ ሽክርክሪትስ ለምንድነው? ትልቁ ክንፍ ወደ አንድ ወገን ሲዞር ሰውነቱ ወደ ሌላው ወገን መዞር ይፈልጋል። ትንሿ ሽክርክሪት ያን ትከለክላለች። እሷ ከተሰበረች ሄሊኮፕተሩ እንደ እንዝርት ይሾራል።

ቃኘው በዘመተበት አገር

ከ1943 እስከ 1945 የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ ተዋጉ። ኮሪያ ተራራማ አገር ነው። ሄሊኮፕተር ብዙ ሆኖ፣ በቡድን ተደራጅቶ የጦር ጭነት መሸከም የጀመረው በዚያ ጦርነት ነው።

በመስከረም 1944 አንድ የአሜሪካ የሄሊኮፕተር ቡድን በአንድ ቀን 28 ጊዜ ተመላልሶ 85 ኩንታል የሚያህል ዕቃ ተራራ ላይ ላለ ጦር አደረሰ። ሲመለስም ባዶውን አልተመለሰም፤ 74 ቁስለኞች አወረደ። በዚያው ወር 224 ወታደሮችን ተራራ ላይ አወጣ። በእግር ሲሆን ብዙ ሰዓት የሚፈጀው ዳገት የደቂቃ ነገር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጭነት ሄሊኮፕተር የሌለው ትልቅ ጦር የለም።

ወደ አገራችን ሲመጣ

የኢትዮጵያ አየር ኃይል በ1930ዎቹ መጨረሻ በስዊድኖች እርዳታ ደብረ ዘይት ላይ ተደራጀ። ደብረ ዘይት ዛሬ ቢሾፍቱ የምትባለው ናት። በዐፄው ዘመን ከፈረንሳይ፣ ከጣሊያንና ከአሜሪካ የተገኙ ጥቂት ሄሊኮፕተሮች ነበሩ። አብዛኞቹ ትናንሽ ናቸው።

ትላልቆቹ የመጡት በ1970 ነው። በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። በመስከረም 1970 ጅጅጋን ያዘ። ገበሬው ከየክፍለ ሀገሩ ተጠርቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰለጠነና ዘመተ። ሶቪየት ኅብረት ብዙ መሣሪያ ላከች። ከመሣሪያዎቹ መካከል ሚ 8 እና ሚ 6 የሚባሉ ጭነት ሄሊኮፕተሮች ነበሩ።

ሚ 8 ወደ 24 ሰው ወይም 40 ኩንታል ይሸከማል። ቁስለኛ በቃሬዛ ሲሆን 12 ይይዛል። ሚ 6 ደግሞ ግዙፍ ነው፤ እስከ 120 ኩንታል ያነሣል። በ1949 መጀመሪያ ሲበርር በዓለም ላይ የሚተካከለው አልነበረም።

ከጅጅጋ በስተ ምዕራብ የካራማራ ተራራ አለ። ጠላት በሩን ዘግቶ ተራራው ላይ መሽጎ ነበር። ፊት ለፊት መግጠም ብዙ ሰው ይፈጃል። ስለዚህ የኢትዮጵያና የኩባ ጦር ዞሮ ከጀርባ ለመግባት አሰበ። ሄሊኮፕተሮቹ ሰውና መሣሪያ ከተራራው ወዲያ አሻገሩ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ተመለሰች። ድሉ የሄሊኮፕተር ብቻ አይደለም፤ በእግሩ የተዋጋው፣ ደሙን ያፈሰሰው ይበልጣል። ነገር ግን ተራራ እንደ ድሮው ግድግዳ አለመሆኑ ያን ቀን ታየ።

ድርቅ በመጣ ጊዜ

በ1977 በወሎ፣ በትግራይ፣ በሰሜን ሸዋና በሌላውም አገር ረኀብ ገባ። እህል ወደብ ላይ ደርሶ ሰው ተራራ ላይ ይሞት ነበር። ነገሩ የመንገድ ነበረ። ያን ጊዜ ሶቪየት ኅብረት 24 ሄሊኮፕተሮች፣ 12 ትላልቅ አይሮፕላኖችና 300 የጭነት መኪናዎች ላከች። ፖላንድ 3 ሚ 8 ሄሊኮፕተሮች ከነአብራሪዎቻቸው ላከች።

የፖላንዶቹ ሥራ ልብ ይነካል። እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን እህል የሚጥሉ አይሮፕላኖች ነበሯቸው። አይሮፕላኖቹ ማረፊያ ስለሌለ ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብለው ከረጢቱን ይጥላሉ። ከረጢቱ ሰው ላይ ቢወድቅ ይገድላል። ስለዚህ የፖላንዶቹ ሄሊኮፕተር ቀድሞ ያርፋል። ሰዎቹ ወርደው ሕዝቡንና ከብቱን ከሜዳው ያርቃሉ። ነፋሱ በየት እንደሚነፍስ ለማሳየት ጭስ ያጨሳሉ። ከዚያ እህሉ ይወርዳል። እነዚህ መንግሥታት በዚያ ዘመን በሁለት ጎራ ተከፍለው የሚፈራሩ ነበሩ። በእኛ ተራራ ላይ ግን ለአንድ ሥራ ተባበሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይሄ ነው።

ግን ሁሉን እንናገር። ሶቪየቶቹ ከላኩት አይሮፕላን የተወሰነው ሰው ለማስፈር ዋለ። ከሰፈራ ጣቢያዎቹ አንዱ መተከል ውስጥ ያለው ፓዌ ነው። ከሰፋሪው ብዙው ሳይወድ የሄደ ነበረ፤ በሽታውም ብዙ ሰው ፈጀ። ደግሞም በጦርነቱ ጊዜ ከሰማይ የወረደው እህል ብቻ አይደለም። ሰኔ 15 ቀን 1980 ትግራይ ውስጥ ሐውዜን ገበያ ላይ ቦምብ ወረደ። ሊሸጥና ሊገዛ የወጣ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ይህን ቀን ቢያስብ ይገባዋል። መጥረቢያ እንጨት ይፈልጣል፤ ሰውም ይገድላል። የሚወስነው የያዘው እጅና ያዘዘው አፍ ነው።

የማይችለው ነገር

ሄሊኮፕተር ሁሉን አይችልም። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉ የሚገፋው ያጣል። ሙቀትም አየሩን ያሳሳዋል። ስለዚህ ጮቄ ተራራ ላይም ሆነ በዓባይ በረሃ ሐሩር የሚሸከመው ይቀንሳል። ነዳጁ ብዙ ነው፤ ጥገናው ውድ ነው። ቀን በቀን ማዳበሪያና እህል የሚያመላልሰው መንገድና ድልድይ ነው። ሄሊኮፕተር መንገድ በሌለበት፣ ጊዜም በሌለበት የሚጠራ ነው።

በአጠገባችሁ ቢያርፍ

1. ልጆችንና ከብቶችን አርቁ። ከብት ይደነብራል።
2. ጋቢና ነጠላ አጥብቃችሁ ያዙ። ነፋሱ ቆርቆሮ እንኳ ያነሣል።
3. ካልተጠራችሁ አትቅረቡ። ስትቀርቡም አብራሪው በሚያያችሁ በፊት በኩል፣ ጎንበስ ብላችሁ ይሁን።
4. በጅራቱ በኩል ፈጽሞ አትሂዱ። ትንሿ ሽክርክሪት ስትዞር አትታይም፤ ትገድላለች።
5. ቦታው ተዳፋት ከሆነ ከላይ ወደ ታች አትምጡ። በዚያ በኩል ክንፉ ለራስ ቅርብ ነው።

አዲስ ቃላት

ሻለቃ፦ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ያሉበት የጦር ክፍል።
ምሽግ፦ ወታደር ተከልሎ የሚዋጋበት ቦታ።
ጎራ፦ በአንድ ወገን የቆመ ቡድን።

እንወያይ

1. አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ትሸከማለች እንበል። ሚ 8 የሚያነሣውን 40 ኩንታል ለመሸከም ስንት አህያ ያስፈልጋል?
2. በ1933 ግመሎቹ ያለቁት ለምንድነው? አያቶቻችሁ ስለዚያ ዘመን ምን ነገሯችሁ? የሰማችሁትን ጻፉ።
3. በቀበሌአችሁ በክረምት የሚቆረጠው መንገድ የቱ ነው? በሽተኛ ወይም ወላድ በዚያ ጊዜ እንዴት ትሻገራለች? ሳይመሽ ተመካከሩበት።