አራሷን ማን ያርሳታል? የአባትነት ፈቃድ በመተማ ቆላ

የአባትነት ፈቃድ ማለት ሚስቱ የወለደችለት ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቋረጥበት ከአራሷና ከሕፃኑ ጋር እንዲቆይ የሚፈቀድለት ጊዜ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውስጥ የገባው ግን በቅርቡ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ሠራተኛው ሲያገባ ወይም የቅርብ ዘመድ ሲሞትበት የ3 ቀን ፈቃድ ሲሰጠው፣ ልጅ ሲወለድለት ግን ለይቶ ያስቀመጠለት ቀን አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቅዶ፣ ለአባት ተከታታይ 3 ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር ጨመረ። ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በበኩሉ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 የ10 የሥራ ቀን ፈቃድ ስለሰጠ፣ በአንዲት ከተማ በአንድ ሳምንት ልጅ የተወለደላቸው የባንክ ሠራተኛና የፌዴራል መሥሪያ ቤት ባልደረባ እኩል አባት አልሆኑም።

ይህ የ3 ቀን ፈቃድ በደጋው ብዙም ላይጎላ ይችላል፤ ምክንያቱም በዚያ አራስን የማረስ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የአባት ሳይሆን የሴት ዘመዶች ነው። የበኩር ልጇን የምትወልድ ሴት ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፣ ወይም እናቷ ትመጣላታለች፤ ክርስትና እስኪነሳ ድረስም፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ገንፎ የሚያገነፋና ልብስ የሚያጥብ አይጠፋም። የመተማ ቆላ ከተሞች የሆኑት መተማ ዮሐንስ፣ ገንዳ ውሃና ኮኪት ግን አብዛኛው ነዋሪ ከሌላ ቦታ የመጣባቸው ናቸው፦ በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ከደጋ አምጥቶ ያሰፈረው ገበሬ፣ የድንበር ንግድ የሳበው ነጋዴ፣ በሥራ ተመድቦ የመጣው መምህርና የጤና ባለሙያ እዚህ ጎጆ ሲወጡ አያት፣ አክስትና እህት ደጋ ቀርተዋል። ከጎንደር ወደ መተማ ያለው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ በመሆኑ፣ ጸጥታው ሲደፈርስ ደግሞ ጭራሽ የማይሞከርበት ጊዜ ስላለ፣ ለአራሷ የቀረው ዘመድ ባሏ ብቻ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ የአባትነት ፈቃድ እንደ ከተሜ ቅንጦት መታየቱ ቢያንስ በቆላው የተገለበጠ አስተያየት ነው።

የጤናው ምክንያት ይህንን ያጠነክረዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እናትና ሕፃን በመጀመሪያው ቀን፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት እንዲታዩ ይመክራል፤ በመጀመሪያው ወር ከሚሞቱ ጨቅላዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚሞቱትም በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የ3 ቀኑ ፈቃድ የሚያልቀው እንግዲህ አደጋው ገና ሳያልፍ ሲሆን፣ ደም ሲበዛባት ወይም ትኩሳት ሲይዛት አይቶ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት ሰው ወደ ሥራው ተመልሷል። በቆላው ሌላም አለ። የወባ ወረርሽኝ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ስለሆነ በዚህ ወቅት የወለደችን ሴት አጎበር ዘርግቶ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሙቀቱን ፈርቶ ለጨቅላው ውሃ ለመስጠት የሚጣደፍ ጎረቤት ሲመጣም፣ እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ እንደሚበቃ ጸንቶ የሚናገር ሰው ያሻል። ማጀት የወንድ ቦታ አይደለም የሚለው ሙግት እዚህ ብዙ አያስኬድም፤ በሰሊጥ እርሻ ካምፖች ወንዶች ራሳቸው አብስለው ሲበሉ ማየት እንግዳ ነገር አይደለምና።

አሠሪው የሚያነሳው ተቃውሞ ግን ክብደት አለው። ሰሊጥ ሲደርስ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተፈልቅቆ መሬት ላይ ስለሚረግፍ፣ በመስከረምና በጥቅምት የትራክተር ነጂን ወይም የእርሻ ካቦን ለሁለት ሳምንት መልቀቅ ምርትን ሊያስቀር ይችላል። በዚህ ላይ የኢትዮጵያ ማኅበራዊ ዋስትና ጡረታንና የሥራ ላይ ጉዳትን እንጂ ወሊድን ስለማይሸፍን፣ የፈቃዱን ደመወዝ ሙሉ በሙሉ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ስዊድን በ1974 እ.ኤ.አ. የወሊድ ፈቃድን ለሁለቱም ወላጆች ስትከፍት ክፍያውን ከማኅበራዊ መድን አድርጋ፣ ቀኖቹም ተከፋፍለው እንዲወሰዱ ፈቅዳለች፤ ኖርዌይ ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. አባት ካልወሰደው የሚቃጠል 4 ሳምንት ስትለይ፣ ቀድሞ ከፈቃዱ ይሸሹ የነበሩ አባቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዛት ይወስዱት ጀመር። የኬንያ የ2007 እ.ኤ.አ. የሥራ ሕግም 2 ሳምንት ከሙሉ ክፍያ ጋር ስለሚሰጥ ነገሩ የሀብታም አገሮች ብቻ አይደለም። ለመተማ የሚስማማው 10 የሥራ ቀን ሆኖ፣ ገሚሱ በወሊድ ሰሞን፣ ገሚሱ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ክትትል ድረስ ሊወሰድ የሚችል ፈቃድ ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የቀረው የቀን ሠራተኛው ነው። ለአረምና ለአጨዳ በየዓመቱ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋዎች የሚወርደው ወጣት፣ እንዲሁም ቤቱን ደጋ ትቶ ቆላ የሚያርሰው ሞፈር ዘመት የሚባለው ገበሬ፣ የመጀመሪያው በአብዛኛው የጽሑፍ ውል የለውም፣ ሁለተኛው አሠሪ የለውም። ሚስቱ ስትወልድ የሚቀረው ሰው የቀን ገቢውን ያጣል፣ ስለዚህም አይቀርም። ለእነዚህ አባቶች በአዋጅ ቀን መጨመር ብቻውን የሚያደርሰው ነገር የለም፤ የሚደርስላቸው በአሠሪ ኪስ ላይ ያልተንጠለጠለ፣ በማኅበራዊ መድን የሚሸፈን የወሊድ ድጎማ ሲሆን፣ እሱም በአገሪቱ ሕግ ገና አልተጻፈም።