ከሊንችበርግ እስከ ፌርፋክስ

ከዋሽንግተን ከተማ ወደ ምዕራብ፣ የአገራችን ሰዎች በብዛት ከሚኖሩባቸው ከአሌክሳንድሪያና ከፎልስ ቸርች እምብዛም ሳይርቅ፣ በፌርፋክስ የሚገኘው የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በተማሪ ብዛት ከቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ቀዳሚ ስለ ሆነ፣ በግቢው የሚመላለሰውን ወጣት ቆሞ የሚመለከት እንግዳ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ተማሪዎች እንዳሉ ፈጥኖ ላያስተውል ይችላል። እነርሱም ቦርሳቸውን አንግበው ወደ ክፍል ይገባሉ፣ በአንድ አዳራሽ ከሌሎቹ ጋር ይመገባሉ፣ በዚያው በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት የሚያድሩም አሉባቸው። ሜሰን ላይፍ የሚባለው ይህ የአራት ዓመት ትምህርት በ2002 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት፣ መሥራቾቹ ለብቻው የታጠረ ቤት ከመሥራት ይልቅ ከታላቁ ማኅበር መካከል ለእነዚህ ልጆች ስፍራ መስጠትን መረጡ።

የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ብዙ ሰው እንደሚመስለው፣ እብደት አይደለም። አንድ ሰው ነገርን በመረዳትና በማመዛዘን፣ አዲስ ትምህርትን በመቀበል፣ በየዕለቱም ኑሮ ራሱን በማስተዳደር ረገድ ከዕድሜው የሚጠበቀውን ያህል እንዳይራመድ የሚያደርግ፣ ሳይጎለምስ ገና በልጅነቱ የሚገለጥ ሁኔታ ነው። መንሥኤው ብዙ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ዳውን ሲንድሮም፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሮም ለዠንና ባልደረቦቹ በ1959 እንዳስታወቁት፣ 21ኛው ክሮሞሶም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት በመሆኑ የሚመጣ ነው፤ በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የአየር እጥረት፣ በጨቅላነት የሚይዝ የማጅራት ገትር፣ በእርግዝና ጊዜ የአዮዲን መጓደልም ወደዚሁ ያደርሳሉ። ከዓለም ሕዝብ ከመቶው አንድ ያህሉ እንዲህ እንደ ሆነ ይገመታል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ውስንነታቸው ቀላል ከሚባለው ደረጃ ስለሆነ፣ ጊዜና ዘዴ ካላጡ ማንበብንና መቁጠርን፣ ሠርቶ ማደርንም ይማራሉ።

የፌርፋክስን ሥራ ተራ በጎ አድራጎት አድርጎ የሚቆጥር ጎብኚ ስለማይታጣ፣ ስለ ሊንችበርግ መናገር ግድ ይላል። ከፌርፋክስ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል በምትርቀው በዚያች ከተማ አጠገብ፣ ይኸው የቨርጂኒያ መንግሥት የሚጥል በሽታ ያለባቸውንና አእምሮ ደካሞች ያላቸውን ሰዎች ሰብስቦ የሚያኖርበት ሰፊ ግቢ ነበረው። በ1924 በወጣው ሕግ፣ እንዲህ ተብለው የተፈረጁት ሰዎች ዘር እንዳይተኩ በግድ እንዲመከኑ ተፈቀደ፤ ሕጉም በፍርድ ቤት ይጸና እንደ ሆነ ለመፈተን ኬሪ በክ የተባለች የሻርሎትስቪል ወጣት ተመረጠች። በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስምንት ድምፅ ላንድ ሕጉን አጸናው፤ ፍርዱን የጻፉትም በሊቅነታቸው የተከበሩት ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ ነበሩ። ከዚህ በኋላ በአምሳ ዓመታት ያህል ውስጥ በቨርጂኒያ ብቻ ከ7,000 የማያንሱ ሰዎች እንዲመከኑ ተደረገ። ኋላ መዝገቡ ሲመረመር ኬሪ በትምህርት ቤት ሳለች ከክፍል ወደ ክፍል በደንብ የተዛወረች ልጅ ሆና ተገኘች፤ ታሪኩን የሚናገሩ ሰዎችም ይህን እየጠቀሱ ፍርዱ ስሕተት እንደ ነበረ ያስረዳሉ። ነገር ግን ኬሪ በእውነት ውስንነት ያለባት ብትሆንስ ኖሮ ያ ፍርድ ፍትሕ ይሆን ነበርን? እኔ እንደማምነው ግፉ የተፈጸመው በምርመራው መሳሳት ሳይሆን ሰውን በአእምሮው መጠን ለመኖርና ላለመኖር በመመዘኑ ነው። የቨርጂኒያ ገዢ ማርክ ዋርነር ስለዚህ ግፍ በመንግሥታቸው ስም ይቅርታ የጠየቁት ፍርዱ በተሰጠ በ75ኛው ዓመት፣ በግንቦት 2 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሜሰን ላይፍ የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው። የሁለቱ መገጣጠም በምክር የተደረገ ነው አልልም፤ ሆኖም አንድ አገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከወዴት ተነሥቶ እስከ ወዴት ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል።

ከሊንችበርግ እስከ ፌርፋክስ ያለውን ረጅም መንገድ የጠረገው በይበልጥ የወላጆች ክርክር ነው። በ1975 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ እንዲማር አዘዘ፤ ይህ መብት ግን ልጁ ሃያ አንድ ወይም ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ያበቃል። በሌላ ወገን ዕድሜ ራሱ ተለወጠ። በ1983 ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው በአሜሪካ በአማካይ 25 ዓመት ያህል ይኖር የነበረው፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ስለ ተስፋፋና ልጆቹም እንደ ሊንችበርግ ካሉት ግቢዎች ወጥተው በቤተ ሰባቸው መካከል ስላደጉ፣ ዛሬ 60 ዓመት ያህል ይኖራል። እንግዲህ ከሃያ ሁለተኛው ዓመት በኋላ ያለውን ያን ሁሉ ዘመን ልጁ ምን እየሠራ፣ ከማን ጋር ይኑር? እንደ ሜሰን ላይፍ ያለ ትምህርት የሚሰጡ ኮሌጆች ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆነው ተነሡ፤ በ2008 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግም፣ ዕውቅና ባገኙ የትምህርት ክፍሎች የሚማሩ እንዲህ ያሉ ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ባይኖራቸውም እንኳ የመንግሥት የትምህርት ድጎማ እንዲያገኙ ፈቀደ። ዛሬ በዚያ አገር ከ300 በላይ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ተመሳሳይ ክፍል አላቸው።

በፌርፋክስ የሚሰጠው ትምህርት ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ለእነርሱ የተዘጋጀ የንባብ፣ የገንዘብ አያያዝ፣ የቤት አስተዳደርና የሥራ ትምህርት ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ ዝንባሌያቸው ከመደበኛ ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚሰሙት የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ነው። የሚያግዟቸውም በአብዛኛው የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ትምህርት የሚያስጠኑ አሉ፣ በመኝታ ቤትም አብረው የሚያድሩ አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ነገ መምህራን የሚሆኑ ወጣቶች በመሆናቸው፣ ጥቅሙ ላንድ ወገን ብቻ የሚቆጠር አይደለም።

ጎብኚው ቀረብ ብሎ ሊያየው የሚገባው ግን የማስተማሩ ጥበብ ነው። እኛ ልብስ ማጠብ የምንለውን አንድ ሥራ መምህሩ በትናንሽ ደረጃ ይከፋፍለዋል፤ ነጩን ከባለ ቀለሙ መለየት፣ ሳሙናውን በመስፈሪያው መስፈር፣ የማጠቢያ መኪናውን ክዳን መዝጋት፣ ቁልፉን መጫን፣ ሲያበቃ ወደ ማድረቂያው ማዛወር፣ አውጥቶ ማጠፍ፣ በመሳቢያ መደርደር። እያንዳንዱም ደረጃ በሥዕል ሆኖ ከመኪናው በላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ፣ እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ ትምህርቱ ከመጨረሻው ይጀመራል፤ መምህሩ ሌላውን ሁሉ ራሱ ሠርቶ፣ ተማሪው የታጠፈውን ልብስ በመሳቢያው እንዲደረድር ብቻ ይተውለታል። ተማሪው ያን ሲችል ማጠፉንና መደርደሩን ይረከባል፤ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ እየተመለሰ ሥራውን በሙሉ የራሱ ያደርጋል። ምክንያቱም ጥልቅ ነው፤ ከመጀመሪያው የሚጀምር ደካማ ተማሪ ከመካከል ደክሞ ስለሚቀር የፍጻሜን ደስታ አይቀምስም፣ ከመጨረሻው የሚጀምር ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሥራውን የሚፈጽም እርሱ ነው። ግእዙን፣ ውርድ ንባቡን፣ ቁም ንባቡን በየተራው ሳያሰልስ ያለፈ የቤተ ክህነት ልጅ፣ ዕውቀትን በደረጃ ቆራርሶ የማጉረስ ሥርዓት ለምን እንደሚያስፈልግ ከማንም ይልቅ ይረዳዋል።

ከዚህ የሚከብደው ጥበብ ደግሞ እርዳታን በጊዜው መንሣት ነው። ተማሪው በአውቶቡስ ቪየና እስከሚባለው የባቡር ጣቢያ፣ ከዚያም በባቡር እስከ ዋሽንግተን ለመሄድ ሲማር፣ ረዳቱ መጀመሪያ ከጎኑ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ከኋላ ወንበር ሆኖ ይከታተለዋል፤ ከዚያ ቀድሞ ሄዶ ከመውረጃው ላይ ይጠብቀዋል፤ በመጨረሻም ስልክ ብቻ ይቀራል። አንድ ቀን ተማሪው መውረጃውን ያልፍ ይሆናል። ሮበርት ፐርስኪ የተባለ አሜሪካዊ በ1972 እንዳስረዳው፣ እነዚህን ሰዎች ከአደጋ ሁሉ መጋረድ ክብራቸውን መግፈፍ ነው፤ መሳሳትና ከስሕተት መመለስ የሰው ሁሉ ድርሻ ሲሆን ለእነርሱ ብቻ ለምን ይከለከላል? ይህን ማመን ግን ለመምህር ቀላል ለእናት ከባድ ነው። በተለይ በእኛ ዘንድ፣ እንዲህ ያለውን ልጅ የሰው ዓይን እንዳያየው፣ አፍም እንዳይናገርበት ብሎ በጓዳ ማቆየት የፍቅር ሥራ ሆኖ ስለሚቆጠር፣ በዚያው በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወላጆች እንኳ ልጃቸው ከቤት ወጥቶ ማደሩን ሲሰሙ አንጀታቸው ቢላወስ አይፈረድባቸውም። ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት አንድ ባይሆኑም፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ በአደባባይ የተዋጉት ይህንኑ መደበቅ ነበር፤ ስለ ገዛ ልጃቸው ሳያፍሩ መናገራቸው ለብዙ እናቶች ምላስ ሆናቸው።

ለዚህ ትምህርት ያለኝ አድናቆት ጉድለቱን እንዳላይ አያደርገኝም። ተማሪው ከአራት ዓመት በኋላ የሚቀበለው የምስክር ወረቀት እንጂ ዲግሪ አይደለም፤ ክፍያውም ከመንግሥት ድጎማ ጋር እንኳ ለሠራተኛ ቤተ ሰብ ከባድ ስለሚሆን፣ ብዙ ልጆች ችሎታ ሳያንሳቸው ገንዘብ አንሷቸው ከደጅ ይቀራሉ። ሥራም ቢሆን ወዲያው አይገኝም፤ ተማሪዎቹ ገና በግቢው ሳሉ ወደ መሥሪያ ቤቶች እየሄዱ ሥራ የሚለማመዱት ቀጣሪው ችሎታቸውን አስቀድሞ በዓይኑ እንዲያይ ነው። ለዚህም የደመወዝ ነገር ይታከልበታል፤ በ1938 የወጣው የአገሪቱ የሥራ ሕግ፣ ፈቃድ ያወጣ ቀጣሪ ለአካል ጉዳተኛ ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በታች እንዲከፍል ስለ ፈቀደ፣ ቨርጂኒያ ይህ አሠራር በግዛቷ እስከ 2030 ፈጽሞ እንዲቀር የወሰነችው በ2023 ነው። በፌርፋክስ የገንዘብ አያያዝ የሚማረው ወጣትም የሠራውን ሰዓት ከሰዓቱ ዋጋ ጋር አባዝቶ፣ የሚገባውን ሙሉ ደመወዝ ከተከፈለው ጋር ማስተያየት መቻል አለበት።