ግራፊን የስንዴን በሽታ የመቋቋም ምስጢር ለመመርመር የሚሰጠው ጠቀሜታ

በምዕራብ ሸዋ ዞን የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ጊንጪ ዙሪያ የሚገኙ አርሶ አደሮች በጥቁር መረሬ አፈር ላይ ከጤፍ ጎን ለጎን ስንዴ ያመርታሉ። የስንዴን ምርት በእጅጉ ከሚያሰጉት በሽታዎች አንዱ የግንድ ዋግ ነው። ከጊንጪ በስተምዕራብ አምቦ ከተማ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ከተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች የሚሰበሰቡ የዋግ ናሙናዎችን እየመረመረ የትኛው የዋግ ዝርያ እንደተከሰተ ይለያል።

የዋግ ዝርያዎች ባሕሪያቸውን በየጊዜው ይቀያይራሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ የተገኘውና ዩጂ 99 የሚል ስያሜ የተሰጠው ዝርያ በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ ታይቷል። ከ2010ሩ የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በኋላ በስፋት የተሰራጨው ዲጋሉ የተሰኘው ስንዴም በ2013 እና በ2014 የዩጂ 99 ወገን ባልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ በተለይ በባሌ ክፉኛ ተጠቅቷል። በአንድ ዘረ መል ላይ ብቻ የተመሠረተ መከላከያ በአጭር ጊዜ ሊሸነፍ እንደሚችል ክስተቱ አመልክቷል።

በመሆኑም ስንዴው በሽታውን የሚቋቋምበትን አሠራር በቅርበት ማወቅ አስፈላጊ ነው። በ2022 በጀርመንና በቻይና የሚገኙ ተመራማሪዎች ዩጂ 99ን የሚቋቋመው ኤስአር 35 የተባለው ዘረ መል የሚያስገኘውን ፕሮቲን ቅርፅ ይፋ አድርገዋል። አምስት የስንዴው ፕሮቲኖች ከአምስት የዋጉ ፕሮቲኖች ጋር ሲጣመሩ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ካልሲየም የሚያስገባ መተላለፊያ ይፈጠራል። በዚህም የተጠቃው ሕዋስ ራሱን በመግደል የዋጉን ስርጭት ይገታል። ተመራማሪዎቹ በተገኘው ቅርፅ ተመርተው በሽታውን መለየት የማይችሉ ተመሳሳይ የስንዴና የገብስ ፕሮቲኖችን በቤተ ሙከራ በማሻሻል የዋጉን ፕሮቲን እንዲለዩ ለማድረግ ችለዋል።

ይህን ቅርፅ ለማየት የዋለው መሣሪያ በከፍተኛ ቅዝቃዜ የሚሠራ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። ለዘዴው መዳበር አስተዋጽኦ ያደረጉት ዣክ ዱቦሼ፣ ዮአኪም ፍራንክ እና ሪቻርድ ሄንደርሰን በ2017 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በዘዴው መሠረት ፕሮቲን ያለበት ጠብታ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉት ወንፊት ላይ ይደረጋል። ትርፉ ፈሳሽ በመጣጭ ወረቀት ከተወገደ በኋላ ወንፊቱ በፈሳሽ ናይትሮጂን በቀዘቀዘ ኢቴን ውስጥ በቅጽበት ይነከራል። ውኃው የበረዶ ቅንጣት ለመሥራት ጊዜ ስለማያገኝ እንደ መስታወት ይረጋል፤ ፕሮቲኑም በነበረበት ሁኔታ ይቆያል።

ትልቁ ችግር የሚፈጠረው ወንፊቱ ከመነከሩ በፊት ባለው አጭር ጊዜ ነው። ፕሮቲኖች ውኃው ከአየር ጋር ወደሚገናኝበት ገጽ ሄደው ሲጣበቁ ቅርፃቸው ይበላሻል፤ አንዳንዶቹም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይደረደራሉ። የተሟላ ምስል ለማግኘት ግን ፕሮቲኑ ከየአቅጣጫው መታየት ይኖርበታል።

ግራፊን የሚያገለግለው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ያለው የካርቦን ገበታ ሲሆን፣ እሱን ለይተው ያወጡት አንድሬ ጋይም እና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በ2010 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በወንፊቱ ቀዳዳዎች ላይ ሲነጠፍ ፕሮቲኖችን ይዞ ከአየሩ ገጽ ያርቃቸዋል። እጅግ ስስ በመሆኑ በምስሉ ላይ የሚያሳርፈው ጥላ አነስተኛ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍና ጠንካራ ስለሆነም ናሙናው በኤሌክትሮን ጨረር ሲመታ የሚያሳየውን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። ፕሮቲኖቹ በላዩ ስለሚከማቹ በጥቂት ናሙና መሥራት ይቻላል፤ ይህም ከዕፅዋት በብዛት ለማይገኙ ፕሮቲኖች ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው።

ሆኖም ግራፊን ውኃን ስለሚገፋ አስቀድሞ ገጹ መታከም አለበት፤ ወይም ውኃ የሚስማማው ግራፊን ኦክሳይድ በምትኩ ይውላል። ንጽሕናው ካልተጠበቀ ምስሉን ያደበዝዛል። አንዳንድ ፕሮቲኖችም በግራፊኑ ላይ ቢሆን በአንድ አቅጣጫ መደርደራቸው አይቀርም።

መሣሪያው ራሱ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቅ ቢሆንም ውጤቱ ግን ከማሳው ሥራ ተነጥሎ አይታይም። የትኛው ፕሮቲን መጠናት እንዳለበት የሚወሰነው በማሳ ላይ የተከሰተው የዋግ ዝርያ ሲታወቅ ነው። ለዚህም የግብርና ባለሙያዎች የታመመ የስንዴ ግንድ ሲያዩ ናሙናውን በወቅቱና በአግባቡ ወደ ምርመራ ማዕከል መላካቸው ቀዳሚው እርምጃ ነው።