«ተካፋይ» ማን ነው?

ተማሪ የሒሳብ ጥያቄ ሲሳነው ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በስሌቱ ይመካኛል። አንዳንድ ጊዜ ግን መሰናክሉ ቁጥሩ ሳይሆን ቃሉ ነው። የሚከተለውን ጥያቄ እንመልከት፦ «አንድ ገበሬ 85 ኪሎ ጤፍ አለው። 12 ኪሎ ለዘር አስቀምጦ የቀረውን ለ3 ልጆቹ በሙሉ ኪሎ እኩል ቢያካፍል፥ ለእያንዳንዱ ስንት ኪሎ ይደርሳል? ስንትስ ይተርፋል?»

የመጀመሪያው ርምጃ መቀነስ ነው፤ ከ85 ላይ 12 ሲቀነስ 73 ይሆናል። ይኸው ስሌት በምልክት ሲጻፍ ግን በክፍል ውስጥ «85 ሲቀነስ 12» ተብሎ ይነበባል። ንባቡ የምልክቱን ቅደም ተከተል እንጂ የአማርኛን ሰዋስው አይከተልም፤ በሰዋስው መሠረት የ«ሲቀነስ» ባለቤት ከፊቱ ያለው 85 ስለ ሆነ፥ የሚቀነሰው 85 ይሆናል። ትርጉሙን የሚያቃኑት «ከ» እና «ላይ» ናቸውና፥ ምልክቱ ከመነበቡ አስቀድሞ ሙሉው ዐረፍተ ነገር ቢነገር ይመረጣል።

ሁለተኛው ርምጃ ማካፈል ነው፤ 73 ለ3 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 24 ደርሶ 1 ይተርፋል። በትምህርት ቤት ሒሳብ 73 ተካፋይ፥ 3 አካፋይ፥ 24 ድርሻ፥ 1 ቀሪ ይባላሉ። «ድርሻ» የተዋጣለት ስያሜ ነው፤ በቤት ያለውን ፍቺ እንደ ያዘ ወደ ሒሳብ ገብቷል። «ተካፋይ» ግን እንዲህ አይደለም። የደስታ ተካፋይ፥ የውርስ ተካፋይ ስንል ድርሻውን የሚወስደውን ሰው ማለታችን ነው። በዚህ ፍቺ ተካፋዮቹ ሦስቱ ልጆች፥ አካፋዩም አባታቸው ናቸው። በሒሳቡ ግን ጤፉ ተካፋይ፥ የልጆቹ ቁጥር አካፋይ ሆኖ ይገኛል! ምክንያቱ «ተካፈለ» የሚለው ግስ «ድርሻ ወሰደ» ማለትም፥ የ«አካፈለ» ተደራጊ ማለትም መሆኑ ነው። ላዕልና ታሕት ከግዕዝ የመጡ በመሆናቸው ከዕለት ተዕለት አነጋገር ጋር እንዲህ አይጋጩም።

«ቀሪ»ም በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ከዘሩ የቀረው 73 አለ፥ ከክፍያው የቀረው 1 አለ። ለሁለተኛው «ትርፍ» እንዳይባል ከንግድ ሒሳብ ጋር ይጋጫል፤ «ተራፊ» ቢባል ግን ከጥያቄው ግስ ጋር ይስማማል። «ተካፋይ»ን፥ ሥር የሰደደ ስለ ሆነ፥ መለወጥ አያሻም፤ ለጀማሪዎች «የሚካፈለው ቁጥር» ተብሎ ቢተነተን ይበቃል።

የመጨረሻው ርምጃ ማረጋገጥ ነው፤ 24 በ3 ሲባዛ 72፥ 1 ሲታከልበት 73፥ የዘሩ 12 ሲመለስበት 85።