ልቡ የተከፈለ ክሪስታል

አዳማ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ለአልትራሳውንድ ምርመራ ተኝታ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛው ጄል ሲቀባ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ይተከላል። ሐኪሙ የጨበጣትን ፕሮብ ልብ የሚላት የለም። ዋናዋ ሠራተኛ ግን እሷ ናት። ጫፏ ላይ የተደረደሩት ስስ ቁርጥራጮች ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ድምፅም ያወጣሉ፤ ድምፁ ከጽንሱ ነጥሮ ሲመለስ ደግሞ ንዝረቱን መልሰው ኤሌክትሪክ ያደርጉታል። በአንዳንድ አዳዲስ ፕሮቦች ውስጥ እነዚህ ቁርጥራጮች የሚሠሩት ሪላክሰር ፌሮኤሌክትሪክ ከሚባል ክሪስታል ነው።

ስሙ አያስደንግጥዎ። መጀመሪያ ተራውን ፌሮኤሌክትሪክ፣ ባሪየም ታይታኔትን እንይ። ክሪስታሉ እንደ ጡብ በተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን ኩቦች የተገነባ ነው፤ በየኩቡ መሐል አንድ የታይታኒየም አተም አለ። ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አተሙ መሐሉን አይለቅም። ከዚያ በታች ግን ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ጎረቤቱም ይከተለዋል። በኢሬቻ ቀን ቢሾፍቱ ላይ ወደ ሆራ አርሰዲ የሚተመውን ሕዝብ ያስቡ።

ሪላክሰር ግን ገበያ ነው። ከዚህ ወገን ስመ ጥሩ የሆነውን ሊድ ማግኒዚየም ኒዮቤትን ስሞሌንስኪና አግራኖቭስካያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሌኒንግራድ ውስጥ ሠሩት። (ሊድ ማለት እርሳስ ነው፤ የመጻፊያው ሳይሆን ብረቱ።) እዚህ የኩቡን መሐል ማግኒዚየምና ኒዮቢየም አንድ ለሁለት ይካፈሉታል፤ የኤሌክትሪክ ሙላቸው ይለያያል፣ አሰላለፋቸውም ወጥ አይደለም። ስለዚህ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ባንድ አይተምም። ጥቂት ናኖሜትር የሚሰፉ ቡድኖች እዚህም እዚያም ይሰባሰባሉ፣ እያንዳንዱም ፊቱን ወደፈለገው ያዞራል። ቡድኖቹ ብቅ ማለት የሚጀምሩት ገና 350 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቁርጥ ያለ የለውጥ ነጥብም የላቸውም።

የሚገርመኝ ጥቅሙ የመጣው ከዚሁ ዝብርቅርቅ መሆኑ ነው። አንድ ሦስተኛ ገደማ ሊድ ታይታኔት ሲጨመርበት ክሪስታሉ በሁለት ቅርጾች ድንበር ላይ ይቆማል። ልቡ የተከፈለ ሰው በትንሽ ግፊት እንደሚሸነፍ፣ እሱም ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲነካው በብዙ ይለጠጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 ፓርክና ሽራውት የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚሁ ቤተሰብ ክሪስታል እስከ 1.7 በመቶ መለጠጥ ማግኘታቸውን አሳተሙ፤ ከተለመደው ሴራሚክ አሥር እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ለሐኪሙ ትርፉ ጠራ ያለ ምስል ነው።



ክሪስታሉ ሙቀት ግን አይወድም። ከ80 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ቅርጹን ይለውጣል፣ ችሎታውም ይዳከማል። የምርመራ ክፍል ሠራተኞች ሆይ፣ ፕሮቧን በእንፋሎት አትቀቅሏት፤ አምራቹ በፈቀደው ማጽጃ ጥረጓት።