እንከን ያለበት አልማዝ ለምን ተፈለገ?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ወጥ ሳይሆን ስለ አልማዝ ነው። ያውም ስለ ጌጡ ሳይሆን ስለ እንከኑ።

ነገሩ የተጀመረው ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ባለችው ትንሽ ምግብ ቤቴ ነው። አንድ እሑድ ማታ ዘግተን ጠረጴዛ ስንጠርግ ልጄ «እማዬ፣ ነርሲንጉን ትቼ ፊዚክስ ልገባ ነው» አለችኝ። እንደ ብዙዎቻችሁ ከአፌ ቀድሞ የወጣው «ፊዚክስ ደግሞ ምን ያበላል?» የሚል ነበር። እኔ ራሴ አዲስ አበባ ኮሌጅ ጀምሬ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ነው የተሰደድኩት። ያላለቀ ትምህርት እንዴት እንደሚቆጭ ስለማውቅ የተጀመረ ነገር ሲተው ያመኛል። ሁለት ሳምንት ያህል ተኮራርፈን ከረምን።

በመጨረሻ «እስቲ ልትማሪው የፈለግሽው ምን እንደሆነ አስረጂኝ» አልኳት። «ስለ አልማዝ ነው» አለች። «ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትይኝ መች እንጣላ ነበር!» አልኩና ሳቅን። «ግን እማዬ፣ የሚፈለገው ፍጹም የሆነው አልማዝ አይደለም፤ እንከን ያለበት ነው።»

እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ። የጋብቻ ቀለበቴ ላይ ያለችው አልማዝ ጥቁር ነጥብ አለባት። አንድ ወርቅ ሠሪ በአጉሊ መነጽር አይቶ «ብዙም አታወጣም» ካለኝ ወዲህ ሰው ሲያያት እጄን እሰበስባለሁ። ልጄ ግን «ያንቺው ነጥብ ሌላ ነው፤ እኔ የምልሽ የአንዲት አቶም ቦታ የምታክል፣ በዓይን የማትታይ እንከን ናት» አለችኝ።

እንደገባኝ ላስረዳችሁ። አልማዝ የካርቦን አቶሞች በሥርዓት የተደረደሩበት ድንጋይ ነው። አልፎ አልፎ በአንዱ ካርቦን ቦታ ናይትሮጅን ይገባል፤ አጠገቡ ያለው ቦታ ደግሞ ባዶ ይቀራል። እንዲህ ያለው እንከን «የቀለም ማዕከል» ይባላል፤ ለአልማዝ ቀለም የሚሰጡት እንደዚህ ዓይነት እንከኖች ናቸውና። የእንጀራን ዓይን አስቡት። ዓይን ባዶ ቀዳዳ ነው፤ ግን ዓይን የሌለው እንጀራ ማን ይወዳል? ወጡን የሚይዘው እሱ ነው። አልማዙ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታም ኤሌክትሮን ይይዛል። አረንጓዴ ሌዘር ሲበራበት ቀይ ብርሃን ይመልሳል፤ የብርሃኑ ድምቀት ኤሌክትሮኑ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1997 ጀርመን አገር የነበሩ ተመራማሪዎች አንዲቷን እንከን ለብቻዋ ነጥለው ማየት ችለዋል።

ይህ ምን ይጠቅማል? ስልካችን የሚያስበው በ0 እና በ1 ነው፤ እንደ መብራት ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። «ኪዩቢት» የሚባለው ግን ጠረጴዛ ላይ እንደሚሽከረከር ሳንቲም ነው፤ እጃችሁን ጭናችሁ እስክታስቆሙት ድረስ ዘውድም ጎፈርም አይደለም። ኳንተም ኮምፒውተር የሚሠራው በነዚህ ነው። ችግሩ ኪዩቢት በጥቂት ነገር ይረበሻል። አልማዝ ጠንካራ ስለሆነ በውስጡ ያለውን ኤሌክትሮን ይከልልለታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሆላንድ ውስጥ የሚገኘው የዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ቡድን በአንድ እንከን ዙሪያ አሥር ኪዩቢት ሠርቶ፣ መረጃውን ከአንድ ደቂቃ በላይ ማቆየት ችሏል። ለእኛ ደቂቃ ምንም አይደለም፤ ለነሱ ግን ዘመን ነው።

ትልቁ ተስፋ ኔትወርኩ ላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ሲሄድ እየደከመ ይጠፋል። የተለመደው ኢንተርኔት በየመንገዱ እየተጎላ ይቀጥላል፤ የኪዩቢት መልእክት ግን ተፈጥሮው አይገለበጥም። ስለዚህ መሃል ላይ ተቀብሎ የሚያቆይ ማረፊያ ያስፈልጋል። እኛ ቤት አንዱ ሳህን ቀድሞ ሲደርስ ሌላው እስኪወጣ ሳይቀዘቅዝ እናቆየዋለን አይደል? የአልማዙም ሥራ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የዴልፍቱ ሮናልድ ሃንሰንና ባልደረቦቹ በ1.3 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ሁለት አልማዞችን አቆራኙ፤ የአንዱ ሁኔታ ሲለካ ከሌላው ጋር የተሳሰረ ሆኖ ተገኘ። አንስታይን ተጠራጥሮት የነበረው ነገር ነው። ግን ሥራው ቀርፋፋ ነበር፦ በ220 ሰዓት 245 ጊዜ ብቻ ነው የተሳካው። በሰዓት አንድ ትዕዛዝ ማለት ነው፤ ምግብ ቤት ቢሆን ኖሮ ተዘግቷል!

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ እዚሁ ሃርቫርድ፣ በሚካኤል ሉኪን የሚመራ ቡድን በናይትሮጅን ፋንታ ሲሊከን ያለባቸውን አልማዞች ተጠቅሞ፣ ሁለት ማስቀመጫዎችን በ35 ኪሎ ሜትር ፋይበር አገናኘ። ገመዱ በካምብሪጅ፣ በሶመርቪል፣ በዎተርታውንና በቦስተን ስር ዞሮ የሚመጣ ነው። እኛ ከላይ ሽሮ ስናቀርብ ከታች ይህ ሁሉ ይሠራ ነበር። አልማዞቹ ግን ከፍጹም ቅዝቃዜ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ፣ ጥቂት ብቻ ከፍ ባለ ብርድ ውስጥ ነው የሚቀመጡት።

ለቤተሰብ ያለው ነገር ይህ ነው። አገር ቤት ገንዘብ ስንልክ፣ ባንክ ስንገባ ምስጢራችንን የሚጠብቀው ከባድ የሒሳብ ቁልፍ ነው። ፒተር ሾር የተባለ የሒሳብ ሊቅ ገና እ.ኤ.አ. በ1994 ትልቅ ኳንተም ኮምፒውተር ቢገኝ ብዙዎቹን ቁልፎች ሊከፍት እንደሚችል አሳይቷል። እንዲህ ያለ ማሽን እስካሁን የለም። ያም ሆኖ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 አዳዲስ ቁልፎችን አውጥቷል። የአልማዙ ኔትወርክ ሌላ መንገድ ነው፦ መሃል ገብቶ የሚሰልል ሰው ኪዩቢቱን ስለሚረብሸው ይታወቅበታል። ስልካችሁና ኮምፒውተራችሁ «አፕዴት አድርግ» ሲላችሁ አታሳልፉት፤ አዲሶቹ ቁልፎች የሚመጡት በሱ በኩል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ለዚህ ሥራ የሚውሉት አልማዞች በአብዛኛው ከጋዝ በላብራቶሪ የሚበቅሉ ናቸው። «ኳንተም አልማዝ» ብሎ ሐብልም ሆነ አክሲዮን ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ካለ፣ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት።

ልጄ ፊዚክስ ገባች። «ምን ያበላል» ላልኩት መልሷ ሥራው ፕሮፌሰር ብቻ አይፈልግም የሚል ነበር፤ ሌዘር የሚያስተካክል፣ ፋይበር የሚቀጥል፣ ማቀዝቀዣ የሚጠብቅ፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ ያስፈልጋል። ሥጋቴ ጨርሶ ለቆኛል ብል እዋሻለሁ። ነርስ ብትሆን ደሞዟን አውቀው ነበር። ግን ጠይቄ ከሰማኋት በኋላ ቤታችን ሰላም ሆኗል፤ ቅዳሜ ቅዳሜም አሁንም ታስተናግድልኛለች። እናንተም ልጃችሁ ያልሰማችሁትን ትምህርት ቢጠራባችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ማታ አስቀምጣችሁ «እስቲ አስረዳኝ» በሉት።

ቀለበቴንም ከዚያ ወዲህ አልሸሽግም። ቸር ይግጠመን!