ስሙን የማይናገር ተቃውሞ

አንኮበር ገበያ ላይ አንድ አባወራ አቁማችሁ «ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ወይ?» ብትሉት፣ «ታዲያስ! ሕጉ ብሏል እኮ» ይላችኋል። ያው ሰው እህቱ ከባሏ ተፋታ መጥታ የአባታችንን መሬት ልካፈል ስትለው ግን፣ «እሱ በሽማግሌ ይታይ» ይላል። እኩልነትን የሚቃወም ቃል ከአፉ አልወጣም። መሬቱ ግን እሱው ጋ ቀረ።

የጾታ እኩልነት ፖሊሲዎችን የሚቃወም ፖለቲካን የሚያጠኑ ምሁራን አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት አደባባይ በወጣው ላይ ነው። ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ2018 የሥርዓተ ጾታ የማስተርስ ትምህርትን ከዩኒቨርሲቲዎቿ ሰረዘች። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ2021 በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለመከላከል ከተፈረመው የኢስታንቡል ስምምነት ወጣች። እዚያ ተቃዋሚው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚልም ይታወቃል።

እኛ ዘንድ ግን ወረቀቱ ሙሉ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደረገውን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌ ሻረ። የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በክልሉ የገጠር መሬት ሲመዘገብ የሚስት ስምና ፎቶ ከባሏ ጎን በይዞታ ደብተሩ ላይ ሰፈረ።

ታዲያ ተቃውሞው የት ነው? አንዱን አዋጅ ቁጥር 621/2001 ውስጥ ታገኙታላችሁ። የሴቶችን መብት እቃወማለሁ የሚል አንድም መስመር የለበትም። ያለው፣ በጾታ እኩልነት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ማግኘት አይችልም ነው። ለድሃ ሴቶች በነጻ ጥብቅና ይቆም የነበረው፣ ለቤተሰብ ሕጉ መሻሻልም የታገለው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በዚህ የተነሳ ሠራተኞቹን ለመቀነስ ተገደደ። አዋጁ እስከተሻረበት እስከ 2011 ድረስ አሥር ዓመት ሄደ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ክርክሩ ስለ ገንዘብ ምንጭ ነበር፤ ስለ ሴቶች ነው ያለ ባለሥልጣን አልነበረም። አንኮበር ገበያ ያገኘነው ሰውዬም እንዲሁ ነው፤ ስለ ሽማግሌ እንጂ ስለ እህቱ አላወራም።

ይህን ዓይነቱን ነገር ለማጥናት ከአዋጁ ወርዶ ቤት መግባት ያስፈልጋል። ሄለን ፓንክረስት እዚሁ ሰሜን ሸዋ መንዝ ገጠር ተቀምጣ ያጠናችውን እ.ኤ.አ. በ1992 በመጽሐፍ ስታወጣ፣ የመንግሥትን ፖሊሲ ከሴቶቹ ሥራ፣ ጋብቻና ኑሮ ጋር አገናኝታ ነው ያየችው።

ደብረ ብርሃን ዛሬ የራሱ ዩኒቨርሲቲ አለው። የመመረቂያ ርዕስ የጠፋባችሁ ተማሪዎች፣ ጥያቄው ከበራችሁ ነው። ፎቶዋ ደብተሩ ላይ ካለ ሴቶች መካከል ሲፋቱ ድርሻቸውን ይዘው የወጡት ስንት ናቸው? ሽማግሌ ፊት አልቆ ፍርድ ቤት ያልደረሰውስ ጉዳይ ስንት ነው? እህትየዋ መልሱን ታውቀዋለች፤ የጠየቃት ጠፋ እንጂ።